ዘሀራ ወደቀች ብዬ በሞንታርቦ ያወጅኩ ዕለት

ሸዋሮቢት ውስጥ ድምፁ ከሁሉ ርቆ የሚሰማ ሰው ማን ነው ብትሉ እኔ ነኝ። ራሴን ማሞገሴ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ሞንታርቦ አከራያለሁ። ሠርግ ሲሆን፣ ምርቃት ሲሆን፣ የሽንኩርት ዘር የሚያስተዋውቁ ሰዎች ሲመጡ፣ እነዚያን ቁምሳጥን የሚያካክሉ ጥቋቁር ድምፅ ማጉያዎች አንዱን ባጃጅ ውስጥ፣ ሌላውን ባጃጁ ላይ ጭኜ እሄዳለሁ። እኔ እዚህ "ሙከራ፣ ሙከራ" ስል ቀወት ያሉ አህዮች ጆሯቸውን ያቆማሉ ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን እስካሁን ያስተባበለ የለም።

ታዲያ ማይክ መያዝ የለመደ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ዝም ማለት አይችልም። ማይክ በእጁ ይዞ ዝም ያለ ሰው መብራት የጠፋበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጄኔሬተር አለኝ።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ አካዳሚያችን ትንሽ ልበል። አካዳሚ ሲባል አረንጓዴ ሣርና የመስታወት ሕንፃ ከታያችሁ ከአሁኑ ከዓይናችሁ አጥፉት። የእኛ አካዳሚ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ያለች ሜዳ ናት። ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ናት። አሰልጣኟ በወጣትነቷ በክለብ የተጫወተች፣ ጥርሷን አይቶ የሚያውቅ ሰው የሌላት ኮስታራ ሴት ናት። ልጆቹን የምታሠራቸው ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ ረፋዱ ላይማ የሸዋሮቢት ፀሐይ ማንንም ቁጭ ባለበት ታሠራዋለች።

ከዚች ሜዳ የወጡ፣ ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ሴቶች ልጆቻችን ዞኑን አሸነፉ። ጎሽ አልን። ክልሉን አሸነፉ። ወቸ ጉድ አልን። አገር አቀፉን አሸንፈው፣ ስሟን ልጥራ ስል ምላሴ በሚተሳሰርባት አንዲት ቀዝቃዛ አገር ለሚደረግ ዓለም አቀፍ የታዳጊዎች ውድድር ሲጋበዙ ግን የምንለው ጠፋን። በየቤቱ ያለ ሹራብ ተሰበሰበ። የሸዋሮቢት ሹራብ እንዴት ያለ እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ ተገዝቶ እንጂ ተለብሶ አያውቅም። ልጆቹ ያን አዲስ ሹራብ ደራርበው፣ አውቶቡስ ውስጥ በላብ ተነክረው ሄዱ።

"በቃ አገር አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ" ያልን ብዙ ነበርን። እነሱ ግን አገር ለማየት አልሄዱም ኖሯል። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ፤ ሁለተኛውን ደገሙ፤ እንዲያ እንዲያ እያሉ አንድ ጠዋት "ፍጻሜ ደርሰዋል!" የሚል ወሬ መጣ። ያን ዕለት የባጃጆቹ ጡሩምባ ከተማዋን አደነቆራት።

የደጋፊዎች ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ጌትነት፣ ንግግር ሲጀምሩ እንጂ ሲጨርሱ ታይተው የማያውቁ ሰው፣ ሱቄ ድረስ መጡ።

"ችግር አለ" አሉኝ። "ቴሌቪዥን አያሳየውም። በስልክ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአንዲት ስልክ እንዴት አድርገን እናሳየው?"

"እኔ እያለሁ!" አልኩ።

ባለቤቴ የሺ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና ብላ አየችኝ። ባለፈው "እኔ እያለሁ!" ብዬ የጎረቤት ጣሪያ ልጠግን ወጥቼ ነበር። በጣሪያው በኩል ወጥቼ በኮርኒሱ በኩል ነው የወረድኩት። የወረድኩትም ምሳ ላይ ነው፤ ማለቴ ሰዎቹ ከብበው በሚበሉት ምሳ ላይ።

"አንተ ሰው" አለች የሺ፣ "ሞንታርቦህን ብቻ ይዘህ ብትሄድስ?"

አልሰማኋትም። ስልኩን ከፕሮጀክተር፣ ፕሮጀክተሩን ከጄኔሬተር አገናኝቼ፣ የራሷን የየሺን ነጭ አንሶላ የሽንኩርት መጫኛው ትልቁ ዳስ ውስጥ ወጥሬ ዓለምን ሸዋሮቢት አመጣታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

የጨዋታው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳሱ ሞላ። ከካራቆሬ በሚኒባስ የመጣ አለ፤ ከቀወት መንደሮች በአህያ የመጣ አለ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ፊት ለፊት ፕላስቲክ ወንበር ላይ እትዬ ፋጡማ ተቀምጠዋል። እትዬ ፋጡማ ማሾና ሽንኩርት የሚነግዱ፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ዘሀራ የቡድኑ በረኛ ናት። ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሷ ባለችበት ቤት ከመደርደሪያ የወደቀ ብርጭቆ መሬት ደርሶ አያውቅም ይባላል። አሰልጣኟ መጀመሪያ "በረኛ ላድርጋት" ብላ ስትለምናቸው እትዬ ፋጡማ የመለሱት ዛሬም ድረስ ይወራል፦

"በረኛ? በር መጠበቅ ከሆነ የኔስ ቤት በር የለውም ወይ?"

ስለ ኳስ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። ግን መጥተዋል፤ መቁጠሪያቸውን፣ ያን ሙስበሃ፣ በእጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን አንሶላው ላይ ተክለው።

ፊሽካ ሊነፋ ጥቂት ሲቀረው ምስሉ መጣ። እልልታው ቀለጠ። ልጆቻችን ተሰልፈው ታዩ፤ ዘሀራ በትልቅ ጓንት ፊቷን ስታብስ ታየች። እትዬ ፋጡማ "ያ ረቢ፣ ከስታለች" አሉ። ወዲያው ምስሉ ቀጥ አለ። ዘሀራ እጇን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጠፋች። አንሶላው አንሶላ ሆነ።

ስልኩን ነቀነቅኩት፤ አጠፋሁት፤ አበራሁት፤ ወንበር ላይ ቆሜ ወደ ሰማይ አነሳሁት። ኔትወርኩ ምስል የማሳለፍ አቅም የለውም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ጌትነት "ክቡራን ወገኖቼ፣ ይህን አጋጣሚ በመጠቀም..." ብለው ሲነሱ ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ተለወጠ።

እንዲህ እያለን ስልኬ ጠራ። የቡድኑ ወጌሻ ደምሴ ነው፣ ከዚያው ከሜዳው ዳር። ደምሴ የማጀቴ ከተማ ልጅ ነው፤ ጎረቤቴ ነው። የተናጋ አጥንት ሁሉ በእጁ ይታዘዛል።

"እያያችሁን ነው?" አለ በደስታ።

"ምን እናያለን! የየሺን አንሶላ እያየን ነው። ምስሉ እምቢ አለ እኮ።"

"ድምፄ ይሰማሃል አይደል? ታዲያ እኔ እነግርሃለኋ!"

ስልኩን ማይኩ ላይ ብደቅነው ሞንታርቦው ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት አወጣ፤ የደምሴም ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የገባ እንቁራሪት መሰለ። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ። ስልኩ በግራ ጆሮዬ፣ ማይኩ በቀኝ እጄ፤ ደምሴ ለእኔ፣ እኔ ለሕዝቡ። በሕይወቴ ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ቦታ እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ ደምሴ ኳስ አያይም። ወጌሻ ነዋ! የሚያየው እግር ነው።

"የሰባት ቁጥሯ ቁርጭምጭሚት አላማረኝም" ይለኛል።

"ሰባት ቁጥር ኳሷን ይዛ እየገሰገሰች ነው!" እላለሁ በሞንታርቦ።

"የዚያችኛዋ ጉልበት ትንሽ ወደ ውስጥ ይላል።"

"ወደ ውስጥ! ወደ ውስጥ እየገባች ነው!"

ዳሱ ይናወጣል። አንዷ ልጅ ስትወድቅ ደግሞ ደምሴ ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከትቶ ወደ ሜዳ ይሮጣል። እኔ የምሰማው የእሱን ቁና ቁና መተንፈስ፣ የዘይት ጠርሙስ ቅጭልጭልታና "ሳቢ እግርሽን! ነይ የኔ አንበሳ፣ ምንም አልሆንሽም!" የሚለውን ብቻ ነው። እሱንም ለሕዝቡ አስተላለፍኩ። አንዲት እናት "እግዜር ይስጥህ ደምሴ" ብለው ከዳሱ ሆነው መረቁት።

አንድ ጊዜ መስመሩ ተቋረጠ። ሕዝቡ አፌን እያየ ነው። ምን ላድርግ? ዝም ልበል? ከፍ ብዬ ተናግሬያለሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር አይሆንልኝም። የራሴን ጨዋታ ጀመርኩ። በቀኝ በኩል ማጥቃት ከፈትኩ፤ የማዕዘን ምት አገኘሁ፤ በጭንቅላት አስመታሁ፤ አግዳሚው መለሰው፤ ሰው ሁሉ ራሱን ያዘ። ሌላ ማዕዘን ምት ላስመታ ስል ስልኩ ተመለሰ።

"ደምሴ፣ ማዕዘን ምቱ ምን ሆነ?" አልኩት ሹክ ብዬ።

"የምን ማዕዘን ምት? ዕረፍት ወጥተን ውኃ እየጠጡ ነው እኮ፣ ከቆየን ቆየን!"

ሕዝቡ አላወቀብኝም። የሺ ግን ጄኔሬተሩ አጠገብ ተቀምጣ ፊቴን ስታነብ አየኋት። ራሷን ነቀነቀች።

ከዕረፍት መልስ ደምሴ በቀጭን ድምፅ፦

"ገባብን" አለ።

ሕዝቡን አየሁ። ከካራቆሬ ድረስ ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ላቡ በፊቱ የሚወርድ ሰው፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እትዬ ፋጡማ ከንፈሬን እያዩ ነው። በበረኛዋ እናት ፊት "ገባብን" የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ትንሽ ይቆዩ፣ መጥፎ ወሬ አይቸኩልም ብዬ፦

"ጨዋታው እንደቀጠለ ነው!" አልኩ። ውሸት ነው? አይደለም። ቀጥሏል።

ብዙም ሳይቆይ ደምሴ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። "አገባን! አገባን! ሰባት ቁጥሯ! በዚያች ቁርጭምጭሚቷ!"

"ጎ...ል!" አልኩ እኔም፣ አህያው ሁሉ እስኪሰማ። ዳሱ ተገለበጠ። የማሾ ጆንያ ላይ ቆመው የሚዘሉ አሉ። "አንድ ለዜሮ! አንድ ለዜሮ!" እያሉ ይጨፍራሉ። ልብ በሉልኝ፣ አንድ ለዜሮ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሕዝቡ ነው። እኔ ያላረምኩት ብቻ ነኝ። ያን የሚያህል ደስታ መሐል ገብቶ "ቆይ፣ አንድ ለአንድ ነው" የሚል አንጀት ያለው ሰው ካለ ይምጣና ማይኩን ልስጠው።

ጨዋታው በዚያው አለቀ። በእነሱ በኩል አንድ ለአንድ፣ በእኛ በኩል አንድ ለዜሮ። ደጅ ያሉት ባጃጆች መጮህ ጀመሩ። እትዬ ፋጡማ ተነስተው እልል አሉ። አቶ ጌትነት ጉሮሯቸውን ጠርገው "ይህ ታሪካዊ ድል..." ሲሉ ደምሴ በጆሮዬ "በል አሁን ሪጎሬ ነው፤ ልቤ ልትወጣ ነው" አለኝ።

ላብ አጠመቀኝ።

"ወገኖቼ" አልኩ፣ "አሁን ሪጎሬ ይመታል።"

ጭፈራው ቆመ። አቶ ጌትነት ወደ እኔ ዞሩ።

"አንድ ለዜሮ አሸንፈን የምን ሪጎሬ ነው?"

"በዚያ አገር እኮ..." አልኩ።

"በዚያ አገር ምን?"

"ብርድ ስለሆነ... ትንሽ እንዲሟሟቁ..."

"ንገራቸው" አለች የሺ ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ቀስ ብላ። ሞንታርቦ የላትም፣ ግን ሁሉም ሰማት።

ነገርኳቸው። እንዲያ ያለ ጩኸት የሰማሁት ኮርኒስ ቀድጄ ምሳ ላይ የወረድኩ ዕለት ብቻ ነው። አንዱ ባለአህያ "ውረድ!" ይላል፤ ሌላው "ማይኩን ንጠቁት!" ይላል። እትዬ ፋጡማ እጃቸውን ሲያነሱ ግን ሁሉም ጸጥ አለ።

"ልጄ ላይ ጎል ገብቶ ነው እኔን እልል ያስባልከኝ?" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ እንዳይከፉብኝ ብዬ ነው።"

"እንዳልከፋ ብትል ነገሩን ትነግረኝ ነበር። አሁን ስማኝ። ከእንግዲህ ሰውየው ያለውን፣ ያንኑ ብቻ። አንዲት ቃል እንዳትጨምር፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንስ። ማልልኝ።"

በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልኩ። ከምሬ ነው የማልኩት። ማይኩን አስተካክዬ ያዝኩና ራሴን ሽቦ አደረግኩ፤ በአንዱ በኩል የገባ በሌላው በኩል እንዳለ የሚወጣበት ሽቦ። ስሜት ማሳየትም መጨመር ነው ብዬ ድምፄን እንኳ አለዘብኩ።

ሪጎሬው ተጀመረ። እኛ አገባን፣ እነሱ አገቡ። እኛ አገባን፣ እነሱ አገቡ። እንዲያ እያለ ሄዶ ሄዶ ከእነሱ አንዲት መቺ ብቻ ቀረች። እሷ ካገባች ይቀጥላል፤ ከሳተች ዋንጫው የእኛ ነው። እትዬ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ደምሴ በጆሮዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "መጣች... ቆመች... ሮጠች... ተመታች! ዘሀራ ወደቀች! ወጣች! ኧረ ወጣች! አለቀ! አለቀ በቃ!"

እዚያ ላይ መስመሩ ተቋረጠ።

እኔም እንደ መሐላዬ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ፣ በረጋና በለዘበ ድምፅ ለሸዋሮቢት ሕዝብ አስተላለፍኩ፦

"መጣች። ቆመች። ሮጠች። ተመታች። ዘሀራ ወደቀች። ወጣች። ኧረ ወጣች። አለቀ። አለቀ በቃ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላሰብኩበትም። ቃል እንዳይወድቅብኝ ስጠነቀቅ ትርጉሙን ማን ይይዘዋል? የገባኝ የሕዝቡን ፊት ሳይ ነው።

"ምን አለ? ዘሀራ ተመታች ነው ያለው?" አለች አንዷ።

"ማን መታት?"

"ያቺ የመጨረሻዋ ናታ! ሮጣ መጥታ!"

"ወጣች ማለት በቃሬዛ ነው?"

"አለቀ በቃ አለ እኮ! ሲናገር ድምፁን አልሰማህም?"

ወሬው ከፊት ወደ ኋላ ሲሄድ እየሰባ ሄደ። መሐል ላይ ዘሀራ ራሷን ስታ ነበር፤ ከኋላ በኩል ሆስፒታል ገባች፤ ዳሱን አልፎ አስፋልት ሲደርስማ ልናገረው የማልፈልገው ነገር ሆነ። አንድ ባለባጃጅ ለአጎቷ ላርዳ ብሎ ወደ ቀወት ሲከንፍ በዓይኔ አየሁት። "ቆይ!" ብዬ በሞንታርቦ ጮህኩ። አልቆመም። ድምፄን የማይሰማ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ ፋጡማ አላለቀሱም። ከወንበራቸው ተነስተው ፊቴ መጥተው ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ደውልለት" አሉኝ።

ደወልኩ። አያነሳም።

"ድጋሚ።"

አያነሳም። ጣቶቼ በላብ ርሰው ስልኩ ያዳልጠኛል። አንዲት ሴት መጥታ ልትደግፋቸው ብትል እጇን ገፉት።

"ልጄ ከፎቅ ብትወድቅ ተነስታ የምትሮጥ ልጅ ናት" አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። "ትነሳለች። ደውል።"

ያን ጊዜ ያለ ማይክ፣ ያለ ሞንታርቦ፣ ያለ ምንም ቆሜ፣ ምን እንደምላቸው አጣሁ። በሕይወቴ ሙሉ የሚባል ነገር ጠፍቶኝ አያውቅም። የሺ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ስልኩን ሳይወድቅ በፊት ከሥር ደገፈችልኝ።

ጠራ። ደምሴ ነው። ሃሎ ከማለቴ እሪ ብሎ ሲያለቅስ ሰማሁት።

"ደምሴ! ምን ሆናችሁ?"

"ተሸክመዋታል!" አለ በሳግ። "ሁሉም ተሸክመዋታል! አሰልጣኟ ራሷ እያለቀሰች ነው!"

የሰማሁትን ልናገር ነው? መሐላዬስ? እትዬ ፋጡማ ግን አልጠበቁኝም፤ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

"ደምሴ፣ ፋጡማ ነኝ። ልጄ እስትንፋስ አላት?"

ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማሁት ጆሮዬን በእሳቸው ጆሮ አጠገብ ለጥፌ ነው።

"እስትንፋስ?" አለ ደምሴ። "ኧረ ለእኛም ይተርፋል እትዬ! እዚህ ትከሻቸው ላይ ሆና ስትጮህ አይሰማዎትም?"

ቀጥሎ የዘሀራ ድምፅ መጣ፣ በብዙ ጫጫታ መሐል፣ የጎረነነ፣ የሚስቅ።

"እማ! እማዬ! በጣቴ ጫፍ ነካኋት!"

"ምን ነካሽ ልጄ? የት ላይ ነው የነካሽ?"

"እኔን አይደለም እማ! እኔ ነኝ የነካኋት! ነካኋትና ወጣች!"

"ማን ናት የወጣችው?"

"ኳሷ ናታ!"

እትዬ ፋጡማ ስልኩን ከጆሯቸው አነሱ። አዩኝ።

"ኳስ ናት" አሉ። "የተመታችው ኳስ ናት። የወጣችው ኳስ ናት።"

"ዘሀራስ ወደቀች የተባለው?" አለች የሺ።

"ልጄማ ኳስ ልትመልስ ነው የወደቀችው። አልሀምዱሊላህ!" አሉና እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ይዘውት የቆዩትን እንባ ለቀቁት። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ላነሳቸው ስል እጄን አልፈው እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን ማይክ ወሰዱ። ማይክ ይዘው የማያውቁ ሴት፣ አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ትንሽ ሲቀራቸው፣ እንዲህ አሉ፦

"ኳስ ናት! ሰዎች፣ ኳስ ናት የወጣችው! ልጄ አለች! አሸንፈናል!"

እኔ ስንት ሠርግ አሟሙቄያለሁ፤ እንዲያ ያለ ነገር ግን ከዚያ ሞንታርቦ ወጥቶ አያውቅም። ዳሱ "ኳስ ናት! ኳስ ናት!" እያለ ዘፈን አደረገው። አቶ ጌትነት ንግግራቸውን ረስተው እስክስታ ወረዱ። ከአስፋልቱ ለለቅሶ የተመለሰው ሁሉ ሳያውቀው ጭፈራ ውስጥ ተቀላቀለ። ከቀወት የዘሀራ አጎት ጋሽ ሰይድ በባጃጅ ታጭቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው፣ አራት ሽማግሌ አስከትለው ሲደርሱ እህታቸው ማሾ ጆንያ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ጋሽ ሰይድ ባጃጁን ይዘው ቀሩ።

"ያ አላህ፣ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት" አሉ።

እስኪገባቸው ብዙ ደከምን። ሲገባቸው ደግሞ "ማን ነው እንዲህ ብሎ ያወራው?" ብለው ጠየቁ። የሸዋሮቢት ሕዝብ ለእንግዳ ደግ ስለሆነ በአንድ ጣት አሳያቸው። ግን ከእሳቸው በፊት እትዬ ፋጡማ ደረሱብኝ። ፕላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው ጄኔሬተሩን እየዞሩ አባረሩኝ። ሮጥ ሮጥ ብዬ አመልጥ ነበር፤ የሺ ናት ኮሌታዬን የያዘችላቸው። ከምቱ ይልቅ ሳቃቸው ነው የሚያመው።

ልጆቹ የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ እትዬ ፋጡማ ሱቄ መጡ። ለልጆቹ ድግስ እየደገሱ ነው። ሞንታርቦውን ለቅዳሜ ፈለጉት።

"እሺ እትዬ፣ በጠዋት መጥቼ እተክለዋለሁ፤ ፕሮግራሙንም እኔው እመራዋለሁ" አልኩ።

"ዕቃውን ነው ያልኩህ" አሉ። "ሰውየውን አላልኩም።"

ቢሆንም ሄድኩ። ዕቃው ያለ እኔ አይሠራም፤ ከዚያ ዕለት ጭፈራ ወዲህ አንዷ ሽቦ በጣት ተይዛ ካልቆየች ድምፅ የለም። ስለዚህ በክብር እንግዶች መሐል፣ ከሞንታርቦው ጀርባ፣ ሽቦ በጣቴ ይዤ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ ዋንጫውን ይዘው፣ ያን ሹራባቸውን በወገባቸው አስረው ገቡ። ዘሀራን በቅርብ ሳያት ገረመኝ፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ እጇ ግን ሰሐን የሚያክል ልጅ ናት።

አቶ ጌትነት ንግግር ጀመሩ። አመሰገኑ። አሁንም አመሰገኑ። ወጡ ተሠርቶ ሽታው በዳሱ ውስጥ ይዞራል፤ ልጆቹ ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበሩ። እሳቸው ገና የአካዳሚውን አመሠራረት እየዘረዘሩ ነው። በመጨረሻ ማይኩን ለዘሀራ ሰጧት።

"በረኛችን ስለዚያች ታሪካዊ ቅጽበት ለሕዝቧ አንድ ቃል ትበል! ከዚያ በኋላ ንግግሬን እቀጥላለሁ።"

ዘሀራ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው። እናቷን አየች፤ ጓደኞቿን አየች። ከዚያ ሸዋሮቢት በሙሉ፣ ምናልባትም ካራቆሬ ድረስ፣ እንዲህ ስትል ሰማት፦

"ርቦኛል።"

ሳቁ ዳሱን ሊነቅለው ደረሰ። እትዬ ፋጡማ እየሳቁ ልጃቸውን ይዘው ወደ ማዕዱ ሲነሱ አቶ ጌትነት ማይኩን አንስተው "እንግዲህ ከላይ ወዳቋረጥኩት ስመለስ..." አሉ።

ጣቴን ከሽቦዋ ላይ አነሳሁ።